እርጥብ መረብ ይዞ ከሐይቅ ሐይቅ መዞር

ስትሪትሃምና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ዘንግ ይዛችሁ ቱቲንግ ኮመን ወዳለው ሐይቅ ብቅ የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ክረምቱን ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ደግሞ በተለይ።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ቴርሞሜትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ አልፏል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ ጥልቀት የሌለው የከተማ ሐይቅ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል። አልጌውና የውሃው ተክል ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ሲወስዱ ስለሚያድሩ፣ ለዓሣው የባሰው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው። ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ ትንፋሽ አጥሯቸዋል ማለት ነው። ያን ቀን አታጥምዱ። ታግሎ የደከመ ዓሣ ወደ ውሃው ቢመለስም እንዲህ ባለ ጊዜ ማገገም ይከብደዋል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሐይቁ ስንወጣ ይዘነው የምንሄደው እርጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግራፍሃም በተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ አንድ ወራሪ የሽሪምፕ ዘር ተገኘ፤ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ የመጣ፣ ነባር ነፍሳትን እየበላ የሚጨርስ ነው። በ2014 ደግሞ ኳጋ የሚባለው ሙሰል ከሂትሮው ብዙም በማይርቅ ወንዝ ታየ። እንዲህ ያሉት ፍጥረታት በእርጥብ መረብ እጥፋት ወይም በቦት ጫማ ጭቃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየት የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ሳትነሡ ጭቃውንና ቅጠሉን እዚያው አራግፉ። ቤት ስትደርሱ መረቡን 45 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ዘርግታችሁ እስከ ስፌቱ ድረስ ይድረቅ። በላስቲክ ጠቅልሎ መኪና ኋላ መተው እርጥበቱን ማቆየት እንጂ ማድረቅ አይደለም።

ይህ የፈረንጅ ጥንቃቄ ብቻ የሚመስለው ሰው ጣናን ያስታውስ። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የአማዞን ተክል ነው፤ አበባው ስለሚያምር ሰው ራሱ በዓለም ዙሪያ አዳርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆቃ ሐይቅ ላይ ታየ፤ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይተኛል። ለዚህ ነው በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ቢነቅለውም ተመልሶ የሚመጣው። ሁላችንም ለዚያ ሐይቅ ገንዘብ አዋጥተናል፣ አልቅሰናል። ለማስወጣት ያን ያህል ከደከምን፣ ሌላ እንዳይገባ ለመጠበቅ የአንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ድካም አይበዛም።

ጣና ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ሌላ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉት። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቷቸው ለብቻቸው የሚኖሩ ናቸው። በሞተር ጀልባና በትልልቅ መረብ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተጀመረ ወዲህ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሏል፤ አንድ ተጨማሪ ወራሪ መሸከም የሚችሉ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ እዚህ ያገለገለ መረብ ወይም ቦት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። እዚያ ስትደርሱም ጥንቃቄው ይቀጥል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቢልጫ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል፤ አጥማጁ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያፍሰው እንቁላል የያዘውን ዓሣ ነው። እናንተም በዚያ ወቅት እዚያ ከሆናችሁና ጀልባ ይዞ የሚወስዳችሁ ሰው ወደ ወንዙ መግቢያ ልውሰዳችሁ ካለ፣ ከወንዙ አፍ ርቃችሁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንድታጠምዱ ጠይቁት።