አዋሽ – ሠመራ – ጅቡቲ፦ ስንት ብር ይዘን እንውጣ?

ከአዋሽ ተነስተን በሠመራና በጋላፊ በኩል ጅቡቲ በመኪና ለመሄድ ምን ያህል ብር ይበቃናል?

መጀመሪያ ወሩን እንምረጥ። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መኪና ውስጥ ማደር አይታሰብም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ግን ቀለል ይላል።

ቀጥሎ ገንዘቡ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ178 ገደማ እንደተቆረጠ ነው። የእኛን ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋውን የሚወስነው ገበያ ነው። ስለዚህ የድንበር ማዶውን ወጪ በፍራንክ እናስላ፤ ወደ ብር የምንመታው በመነሻችን ሳምንት ምንዛሬ ይሁን።

የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው አጎቴ በቆየ ምንዛሬ አስልቶ ሄዶ፣ ማዶ ጎማ ሲፈነዳበት ገንዘቡ አልበቃ ብሎት ሁለት ሌሊት ጋቢና ውስጥ አድሯል። የመጠባበቂያ ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ።

መልካም ጉዞ!