የቅይጥ እውነታ መነጽር በመጀመሪያ ሙከራ ጊዜ

የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍል በገባ ቁጥር በመጀመሪያ የሚታየው መደነቅ ነው። መማር የሚታየው ቆይቶ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይታይም። ሬዲዮ፣ ፊልም፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ሁሉም በዚህ መንገድ አልፈዋል። አሁን ደግሞ በራስ ላይ የሚጠለቀውና ሚክስድ ሪያሊቲ የሚባለው፣ በአማርኛም ቅይጥ እውነታ ሊባል የሚችለው መነጽር በተራው ቀርቧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያጠልቀው ሰው ላይ ምን እንደሚታይ፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ከዚያ ሙከራ ምን ሊረዱ እንደሚችሉና ምን ሊረዱ እንደማይችሉ ማብራራት ነው።

ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ነገሩን በአንድ መሥመር መስለው አስረድተውታል። በመሥመሩ አንደኛ ጫፍ ዓይን እንደ ወትሮው የሚያየው ዓለም ይገኛል፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ቅይጥ ነው። ስለዚህ የቅይጥ እውነታ መነጽር ያጠለቀ ተማሪ ክፍሉን፣ ጠረጴዛውንና ጓደኞቹን እያየ፣ በጠረጴዛው ላይ ግን በእውን የሌለ ነገር ተቀምጦ ያያል። ተማሪው ቢዞር ወይም ቢጎነበስ ዕቃው በቦታው ይቆያል፤ ጎኑንና ጀርባውንም ያሳያል።

ይህ እንዲሆን መሣሪያው በካሜራዎቹና እንቅስቃሴን በሚለኩ ክፍሎቹ አማካይነት የክፍሉን ቅርጽና የራስን አቅጣጫ ያለማቋረጥ ይከታተላል። ለሁለቱ ዓይኖች ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ምስሎችን ስለሚያቀርብም አእምሮ ጥልቀት ያለው አንድ ነገር አድርጎ ይቀበላቸዋል። ይህ መሠረተ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. በመስታወቶችና በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች አሳይቶታል። በራስ ላይ የሚጠለቀውንም መሣሪያ አይቫን ሰዘርላንድ በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሠርቶ ነበር፤ ያኔ ግን መሣሪያው ከጣሪያ ጋር በተያያዘ ዘንግ መደገፍ ነበረበት፣ የሚያሳየውም በመሥመር ብቻ የተሠሩ ቅርጾችን ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ለገንቢዎች የተሸጠው የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ምስል ያሳርፍ ነበር። በ2023 የወጣው ሜታ ኩዌስት 3 እና በ2024 የወጣው አፕል ቪዥን ፕሮ ግን ዓይንን ሸፍነው የውጭውን ዓለም በካሜራ አንሥተው መልሰው ያሳያሉ።

ወደ ሙከራው እንመለስ። የመጀመሪያው ችግር ከኮምፒዩተር ይልቅ ከማጥለቅ ጋር የተያያዘ ነው። ኩዌስት 3 ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ክብደቱም ወደ ፊት ያደላል። ማሰሪያው ከላላ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከጠበቀ ግንባርን ይጫናል። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በዐዋቂዎች ዘንድ በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን እንጂ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ለአንዱ የተስተካከለው ለሌላው አይስማማም። የዓይን መነጽር የሚያደርጉ፣ ሹሩባ የተሠሩ፣ ሻሽ ወይም ሒጃብ የጠመጠሙ ተማሪዎችም እያንዳንዳቸው የተለየ ማስተካከያ ይፈልጋሉ። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ካሜራዎቹ አካባቢውን መለየት ያቅታቸዋል። በአንጻሩ ደግሞ ሌንሶቹ ወደ መስኮት ዞረው ከተቀመጡ የፀሐይ ጨረር በሌንሱ ተሰብስቦ የውስጡን ስክሪን ሊያቃጥል ይችላል። መሣሪያውን በመስኮት ደፍ ላይ ያስቀመጠ መምህር አንድ የትምህርት ዘመን ሙሉ ሊቆጭ ይችላል።

መነጽሩ ከተስተካከለ በኋላ፣ አዲሱ ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው እጁን መዘርጋት ነው። ጣቶቹ ዕቃውን አልፈው ሲሄዱ ይሥቃል፤ ወይም ደንግጦ ወደ ኋላ ይላል። ቀጥሎም ዕቃውን ለመያዝ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ማጋጠም እንዳለበት ይማራል፤ ይህም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በዚህ ሁኔታ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መሣሪያውን በማወቅ ያልፋሉ፤ ለትምህርቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ መነጽሩን ገና ያወለቀን መምህር «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ለግዥ መወሰኛ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። የሚገኘው መልስ ስለ መደነቁ እንጂ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ አይናገርም።

አንዳንዶችን ያጥወለውላቸዋል። ምክንያቱ ዓይን የሚያየው እንቅስቃሴና በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል የሚሰማው አለመስማማታቸው ነው። በቅይጥ እውነታ እውነተኛው ክፍል ስለሚታይ ይህ ችግር ሙሉ በሙሉ ምናባዊ ከሆነው ዓለም ይልቅ በአብዛኛው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የዓይን መድከምም አለ፤ ይኸውም ዕቃው ቅርብ ሲመስል ሁለቱ ዓይኖች ወደ ውስጥ እየዞሩ፣ የዓይን ሌንስ ግን በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዲያተኩር ስለሚገደድ ነው። አምራቾቹም የዕድሜ ገደብ አበጅተዋል፤ አፕል ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም ይላል፤ ሜታ በበኩሉ ከ2023 ጀምሮ በወላጅ ቁጥጥር ከ10 ዓመት ጀምሮ ፈቅዷል። ይህ ብቻውን የአንደኛ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎችን ከዕቅዱ ውጭ ያደርጋል።

ታዲያ መሣሪያው የሚጠቅመው ለምንድን ነው? በአሜሪካ የሚገኘው ኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች የሰውነት ክፍሎችን ለማስተማር ተጠቅሞበታል፤ የምርጫውም ምክንያት ግልጽ ነው። ልብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለ መምህር አራቱን ክፍሎች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያኖራቸዋል፤ ተማሪውም አንደኛው ከሌላው ፊት ወይም ኋላ መሆኑን በግምት ያልፋል። በመነጽሩ ግን ልቡን ዞሮ ያየዋል፤ ሲመታም፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት መዝጊያዎች ሲከፈቱና ሲዘጉም ይመለከታል። የጠጣር ጂኦሜትሪና የሞለኪውል ቅርጽም ከዚህ ይመደባሉ። ይሁንና ከሥጋ ቤት የመጣ የበግ ልብ በምላጭ ተከፍቶ በጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ የጡንቻውን ውፍረትና ጥንካሬ በጣት ያስዳስሳል፤ ይህን መነጽሩ ሊያደርገው አይችልም። የበጉ ልብ ደግሞ አይመታም። አስተዋይ መምህር ሁለቱን በአንድ ትምህርት ማገናኘት ይችላል። ጠመኔ ለሚበቃው ትምህርት ግን መነጽር ማምጣት ጊዜ ማባከን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የመምህሩ ቦታ ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳተላይት ይሠራጭ የነበረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ያስከተለው ክርክር አይረሳም። ያን ጊዜ ዋናው ቅሬታ መምህሩ ሥርጭቱን አቁሞ ማስረዳት አለመቻሉ ነበር። በመነጽሩ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል፤ ተማሪው ማቆም ይችላል፤ መምህሩ ግን ተማሪው የሚያየውን አያይም። ተማሪው የልቡን ግራና ቀኝ አምታቶ ሲያመለክት፣ ከውጭ ለሚመለከተው ባዶ አየር ላይ ከሚጠቁም ሰው አይለይም። ስለዚህ ምስሉን ወደ ሌላ ስክሪን የማስተላለፍ ችሎታው ከግዥ በፊት መፈተን አለበት።

ስሌቱም መዘንጋት የለበትም። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ መነጽር ብቻ ቢኖርና እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ ቢሰጠው 300 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሰባት ተኩል ያህል ነው። የማጽዳትና የማስተካከል ጊዜ በዚህ አልታሰበም። ኩዌስት 3 ሲወጣ ዋጋው ከ500 የአሜሪካን ዶላር ይጀምር ነበር፤ ቪዥን ፕሮ ደግሞ ከ3,499። ማይክሮሶፍት የሆሎሌንስን ምርት በ2024 ማቆሙም፣ ትምህርቱን በአንድ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ብቻ የመሠረተ ተቋም ምን ሊገጥመው እንደሚችል ያሳያል። የተዘጋጁት ትምህርቶችም አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው።

ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሻለው፣ የመጀመሪያውን ሙከራ እንደ መለማመጃ ቆጥሮ ፍርዱን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ማቆየት ነው። በዚያን ጊዜ ሠልጣኙ እጁን ለማጋጠም አይቸገርም፤ የሚቀረው ሐሳብ ሁሉ ለልቡ ነው። መነጽሩን እንዳወለቀም ነጭ ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቶት ያየውን ከፊትና ከኋላ ይሣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና ይሣል። በሰሌዳ ሥዕልና በበግ ልብ ብቻ የተማረው ቡድንም እንዲሁ ያድርግ። ዕቅድ አውጪው የግዥውን ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ሊያያቸው የሚገባው እነዚህን ሥዕሎች ነው።