እውነት ወይስ ተረት? «ቨርቹዋል ማሽን በገመድ የሚሰካ ዕቃ አያውቅም»

አሮጌ ስካነር ያለው ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ ድራይቨር አልወጣለትም፤ ለእሱ ሲባል የድሮውን ኮምፒውተር እንዳትጥለው። ቨርቹዋል ማሽን እንደሆነ ሶፍትዌር ነው፤ የሚሰካ ዕቃ አያውቅም።» ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ቨርቹዋልቦክስም ሆነ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን በዩኤስቢ የተሰካውን ስካነር ወይም ፕሪንተር ለቨርቹዋል ማሽኑ ያስረክባሉ። ውስጥ ያለው ኤክስፒ ዕቃው እሱ ላይ እንደተሰካ ያየዋል። ድራይቨሩ የሚጫነውም እዚያው ውስጥ ስለሆነ ዋናው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ቢሆንም ችግር የለም።

«ውስጡ ያለው ሁሉ የማስመሰያ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ እምነት ከሜዳ አልመጣም። ሰው አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ከፍቶ የኔትወርክ ካርዱን ሲያይ የላፕቶፑን ዋይፋይ ሳይሆን «ኢንቴል ፕሮ/1000» የሚል ያገኛል። እርግጥ ያ ካርድ በሶፍትዌር የተሠራ ነው፤ ዲስኩና ስክሪኑም እንዲሁ። ለቨርቹዋል ማሽኑ የተሰጠ የዩኤስቢ ዕቃ ግን ራሱ እውነተኛው ዕቃ ነው።

«ሞክሬዋለሁ፤ የዕቃዎቹ ዝርዝር ባዶ ነው» ለሚል ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ነው። ሊኑክስ ላይ ተጠቃሚው «ቪቦክስዩዘርስ» በሚባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከዚያ ወጥቶ እንደገና ሎግኢን ያድርግ። ሌላው ምክንያት የቆየ ልምድ ነው። 7.0 በ2022 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ ቨርቹዋልቦክስ ያለ ተጨማሪ ፓኬጅ ከዩኤስቢ 1.1 አያልፍም ነበር። ያኔ ሞክረው የተዉት ሰዎች ዛሬም «አይሠራም» ይላሉ።

«አንዴ ከተገናኘ ሁለቱም ይጠቀሙበታል» የሚለውም ተረት ነው። አንድ በሬ በአንድ ጊዜ ሁለት ማሳ አያርስም። ዕቃው ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ሲገባ ከዋናው ኮምፒውተር ይጠፋል። ፋይል እየተገለበጠበት ያለ ፍላሽ አሳልፎ መስጠት፣ ሳይጨርስ ነቅሎ እንደማውጣት ነው፤ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ያለዎትን ብቸኛ ኪቦርድና ማውስማ ፈጽሞ አይስጡ፤ ዋናውን ኮምፒውተር የሚያዙበት ያጣሉ።

«ዩኤስቢ ካለፈ ግራፊክስ ካርዱም በአንድ ክሊክ ያልፋል» ማለት ደግሞ የተቃራኒው ስህተት ነው። በባዮስ ውስጥ ቪቲ-ኤክስን ማብራት ብቻ አይበቃም፤ ኢንቴል ላይ ቪቲ-ዲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤኤምዲ-ቪአይ ያስፈልጋል። ቨርቹዋልቦክስ ይህን መንገድ ከ6.1 ጀምሮ ትቶታል፤ በሊኑክሱ ኬቪኤም ግን ይቻላል። «ፈጽሞ አይሆንም» የሚለው ወሬ የቆየውም የኤንቪዲያ ድራይቨር እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የጂፎርስ ካርዶችን «ኮድ 43» በሚል ስህተት ያቆም ስለነበር ነው።

ስለዚህ ለአንድ ስካነር ብለው አሮጌ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። ኤክስፒ ዩኤስቢ 3.0ን ስለማያውቅ በሴቲንጉ 2.0ን ይምረጡ፤ ዕቃውን ሰክተው ከዩኤስቢ ሜኑው ይንኩት፤ ድራይቨሩን ውስጥ ይጫኑ። በመጨረሻም የቨርቹዋል ማሽኑን ኢንተርኔት ይዝጉ፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014 እ.ኤ.አ. አቁሟልና።