ካሙይ እና «መሬት ለአራሹ»

ማንጋ የሚባለው የጃፓኖች ሥዕላዊ ታሪክ ሲነሣ ለብዙዎቻችን የልጆች መጫወቻ ይመስለናል። ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና ስለ ገበሬ የሚተርክ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጉጉት ይከታተሉት የነበረ ማንጋ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሥራው «ካሙይ ዴን» ይባላል፤ የካሙይ ታሪክ እንደማለት ነው። ሠዓሊው ሳንፔይ ሺራቶ (1932-2021 እ.ኤ.አ.) «ጋሮ» በተባለ ወርኃዊ መጽሔት ላይ ከ1964 መጨረሻ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በተከታታይ አቀረበው። መጽሔቱ ራሱ የተቋቋመው በዋናነት ለዚህ ሥራ መውጫ እንዲሆን ነበር። በእንግሊዝኛ መታተም የጀመረው ግን ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በጥንቱ የሳሙራይ ዘመን ነው። ካሙይ የተወለደው ከተናቁና ከተገለሉ ሰዎች መንደር ነው። ከንቀቱ ለማምለጥ ኒንጃ ይሆናል፤ እዚያም ነፃነት ሲያጣ ይኮበልላል። ገበሬው ሾሱኬ ግን መንደሩን አይለቅም፤ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ እህላቸውን በግብር ከሚወስዱት ጌቶች ጋር ይታገላል። ሺራቶ የሚያሳየን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ጌቶቹ ከሰይፉ ሌላ ገበሬውና የተገለለው እርስ በርስ እንዲናናቁ በማድረግም ይገዛሉ።

እስቲ ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር እንመልሰው። 1964 መጨረሻ ማለት 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ሁለቱ አልተመካከሩም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነበር፤ የሚያርሰው ሰው ድርሻው ምንድን ነው? ለእኛው ጥያቄ ሕግ ምላሽ የሰጠው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትንም አስቀረ።

አዋጅ መብትን ይደነግጋል፤ የሰውየውን ፊት ግን አያሳየንም። ያ የሠዓሊ ሥራ ነው። ለዚህ ደግሞ እኛም እንግዶች አይደለንም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች እየከፋፈሉ የሚተርኩ ሠዓሊዎች ነበሩን። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጀምበር» የተሰኘው ሥዕላዊ መጽሐፍም የራሳችንን ጀግና ይዞልን መጥቷል።

የቀረን ጉዳዩን መምረጥ ነው። ዛሬ ፎቅና ቪላ የሞላበት ጎሮ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ከተማ ሲሰፋ ገበሬ ይነሣል፤ ሕጉም ካሳ ይከፈለው ይላል። የካሳው መጠን፣ የይዞታው ስፋትና የተነሣበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራሉ። ገበሬው ማሳውን ለመጨረሻ ጊዜ ያረሰበትን ጠዋት የሚያሰፍር መዝገብ ግን የለም። ስልካቸው ላይ ማንጋ የሚያገላብጡት የሰፈሩ ወጣቶች ምናልባት ይህን አንድ ቀን ይሥሉልን ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።