በመግለጫውና በመሬቱ መካከል፦ የዲፕሎማሲ ዘጋቢ ሥራ

የዲፕሎማሲ ዘጋቢ የሚባለው መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚያካሂዱትን ድርድር፣ የሚፈራረሙትን ስምምነት፣ የሚገቡበትን ጠብና የሚያወርዱትን ዕርቅ እየተከታተለ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ለሕዝብ የሚያስረዳ ጋዜጠኛ ነው። ይህ ጋዜጠኛ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች የመግለጫ አዳራሽ፣ በጉባኤ ኮሪደሮችና በአውሮፕላን ውስጥ ሲሆን፣ ስለ ሥራው ጥልቀት የሚመሰክረው ግን ከነዚህ ቦታዎች ውጭ ያለውን ነገር ምን ያህል እንደሚያውቅ ነው። ባለሥልጣናት በአዳራሽ የሚናገሩትና ድርድሩ የሚመለከተው ሕዝብ በየዕለቱ የሚገጥመው ኑሮ እምብዛም አይገጣጠሙም፤ የዚህ ሙያ ዋና ተግባርም በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ማሳየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ በሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘጋቢው በየዕለቱ የሚሠራበት መሣሪያ ቃል እንደመሆኑ፣ አንድ ባለሥልጣን የሚናገረው ቃል በምን ስምምነት እንደሚሰጥ ማወቅ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ባለሥልጣኑ ስሙና ማዕረጉ ተጠቅሶ እንዲዘገብ ፈቅዶ ከተናገረ ንግግሩ በይፋ የተሰጠ ይባላል፤ ሐሳቡ ብቻ ተዘግቦ ስሙ እንዲሸሸግ ከጠየቀ ዘጋቢው “አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን” ብሎ ያልፋል፤ ከመዝገብ ውጭ የተነገረ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ለዘጋቢው ግንዛቤ እንጂ ለአየር አይውልም። ሄንሪ ኪሲንጀር ከ1973ቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በኋላ ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ግብፅን፣ እስራኤልንና ሶርያን ሲያደራድሩ አብረዋቸው በአውሮፕላን የሚጓዙት ጋዜጠኞች ወሬያቸውን የሚጠቅሱት ከ“ከፍተኛ ባለሥልጣን” ነበር፤ ባለሥልጣኑ ራሳቸው ኪሲንጀር እንደሆኑ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ለዘጋቢው ሌላው ያላገኘውን ወሬ ያስገኝለታል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ምንጩን ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ጋዜጠኛ ቀስ በቀስ የምንጩን ዓይን ተውሶ ማየት ይጀምራል።

ይህ አደጋ እስከ ምን እንደሚደርስ በርናርድ ካልብ ካጋጠመው ነገር መረዳት ይቻላል። ካልብ በሲቢኤስና በኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የውጭ ጉዳይ ዘጋቢ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ከሠራ በኋላ በ1985 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ ሆነ፤ ማለትም ሲጠይቅ የኖረው ሰው መልስ ሰጪ ሆኖ ከመድረኩ በስተኋላ ቆመ። በ1986 የአሜሪካ መንግሥት የሊቢያውን መሪ ሙአመር ጋዳፊን ለማስደንገጥ ሆን ብሎ የሐሰት ወሬ አሰራጭቷል የሚል ዘገባ በወጣ ጊዜ፣ የቃል አቀባይ ቃል ካልታመነ የሚቀር ነገር የለም በሚል አቋም በጥቅምት ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ካልብ ከመንግሥት ጎን ቆሞም ቢሆን የጋዜጠኛነቱን ሕሊና አለመጣሉ የሚያስመሰግነው ነው፤ ወደዚያ ወንበር የተሻገሩ ሁሉ ግን እንዲህ አላደረጉም።

በመግለጫ አዳራሽ ውስጥ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል የሩዋንዳው ጉዳይ ያሳያል። በ1994 የጸደይ ወራት በሩዋንዳ በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲጨፈጨፉ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ዕልቂቱን በስሙ ላለመጥራት ይጠነቀቁ ነበር፤ ምክንያቱም በ1948 የጸደቀው ስምምነት ፈራሚ አገሮች የዘር ማጥፋትን እንዲከላከሉና እንዲቀጡ ስለሚያስገድድ፣ ስሙን መጥራት ጣልቃ የመግባት ጫና ያስከትላል የሚል ሥጋት ነበራቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ ክሪስቲን ሼሊ ሰኔ 10 ቀን በሰጡት መግለጫ “የዘር ማጥፋት ድርጊቶች” ተፈጽመዋል ከማለት ሳያልፉ ሲቀሩ፣ የሮይተርስ ዘጋቢ አለን ኤልስነር የዘር ማጥፋት ለመባል ስንት የዘር ማጥፋት ድርጊት ያስፈልጋል ሲል ጠየቃቸው፤ ቃል አቀባይዋም ያ ጥያቄ እሳቸው ሊመልሱት የሚችሉት እንዳልሆነ ተናገሩ። ጥያቄው የአንድም ሰው ሕይወት አላተረፈም፤ ነገር ግን የመንግሥቱን ሽሽት በካሜራ ፊት አስመዝግቦ ስላስቀረው፣ ዛሬም የዚያን ዘመን ዲፕሎማሲ ለመመርመር የሚነሳ ሁሉ ወደዚያች ደቂቃ ይመለሳል።

ከመግለጫ አዳራሹ ይልቅ ከመሬቱ ተነስቶ ወደ ዲፕሎማሲው የሄደ የሙያ ጉዞ ሲፈለግ ከሁሉ የጎላው የክሪስቲያን አማንፑር ነው። አማንፑር በ1958 ለንደን ውስጥ ከኢራናዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወልዳ በቴህራን ያደገች ሲሆን፣ የ1979ኙ የኢራን አብዮት የቤተሰቧን ኑሮ ካናጋ በኋላ በአሜሪካ የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተምራ በ1983 ተመረቀች። በዚያው ዓመት አትላንታ ውስጥ በሚገኘው ሲኤንኤን የውጭ ዜና ክፍል በረዳትነት ተቀጠረች፤ ጣቢያው በ1980 የተመሠረተ ገና እግሩን ያልተከለ ተቋም ነበርና ከታች የጀመረ ሰው ወደ መስክ የመውጣት ዕድል ያገኝ ነበር። በ1989 ወደ ፍራንክፈርት ተልካ የምሥራቅ አውሮፓን ለውጥ፣ ከዚያም ኢራቅ በነሐሴ 1990 ኩዌትን ከወረረች በኋላ የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት ዘገበች።

ስሟን የተከለችው ግን በሳራዬቮ ነው። የቦስኒያዋ ዋና ከተማ ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 በሰርብ ኃይሎች ተከብባ የቆየች ሲሆን፣ ጋዜጠኞች ያርፉበት የነበረው ሆሊዴይ ኢን ሆቴል ከተራራው የሚተኩሱ አነጣጣሪዎች በሚቆጣጠሩት ዋና ጎዳና ላይ ስለነበር ለዘገባ መውጣትም ሆነ ወደ ሆቴል መመለስ የሕይወት ጉዳይ ነበር። የሲኤንኤን የካሜራ ባለሙያ ማርጋሬት ሞዝ በሐምሌ 1992 መኪና ውስጥ እንዳለች በጥይት ተመትታ መንጋጋዋ ተሰባበረ፤ ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላም ተመልሳ ወደዚያችው ከተማ ሄዳ ሠርታለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ1993 ሳራዬቮንና ሌሎች ከተሞችን “ከጥቃት የተጠበቁ አካባቢዎች” ብሎ ሲሰይም በኒው ዮርክ ትልቅ ውሳኔ ተብሎ የተነገረ ቢሆንም፣ በየካቲት 5 ቀን 1994 በከተማዋ የማርካሌ ገበያ ላይ የወደቀ አንድ የሞርታር ጥይት 68 ሰዎችን ገደለ። ውሳኔውን በሰሙና ገበያውን ባዩ ሰዎች መካከል የነበረውን ልዩነት ለዓለም ያሳዩት እዚያው የነበሩት ጋዜጠኞች ናቸው።

በዚያው ዓመት ግንቦት 3 ቀን ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከአትላንታ በሲኤንኤን አማካይነት ከልዩ ልዩ አገሮች ለሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች መልስ ሲሰጡ፣ አማንፑር ከሳራዬቮ በሳተላይት ቀርባ አሜሪካ በቦስኒያ ጉዳይ ግልጽ ፖሊሲ ለማውጣት ለምን ይህን ያህል እንደዘገየችና የአቋም መዋዠቁ እንደ ሰሜን ኮሪያው ኪም ኢል ሱንግ ያሉ መሪዎች ፕሬዚዳንቱን እንዲንቁ አያደርግም ወይ ብላ ጠየቀች። ክሊንተን በቁጣ የሚለዋወጥ አቋም እንደሌላቸው መልሰው፣ እንዲህ ያለው ንግግር ራሱ ክብራቸውን ሊያስነካ እንደሚችል ተናገሩ። የጥያቄው ጥንካሬ ከድፍረት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ጠያቂዋ ሁለት ዓመት ከሕዝቡ ጋር የሰነበተች በመሆኗ ፕሬዚዳንቱ በፖሊሲ ቋንቋ የሚያመልጡበት በር ጠበበባቸው። ዲፕሎማሲን የሚዘግብ ሰው በመስክ መቆየቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከቦስኒያ የወጣው ሌላው ትልቅ ነገር ስለ ሚዛናዊነት የተነሳው ክርክር ነው። አማንፑር የምትከራከርለት መርህ ጋዜጠኛ እውነተኛ እንጂ ገለልተኛ መሆን የለበትም የሚል ሲሆን፣ አጥቂውንና ተጠቂውን እኩል አድርጎ የሚያቀርብ ዘገባ የጥፋቱ ተባባሪ ይሆናል ትላለች። በዚያው ጦርነት ሳራዬቮ ውስጥ በካሜራ ፊት ቆሞ ሳለ በፍንጣሪ የቆሰለው የቢቢሲው ማርቲን ቤልም ጋዜጠኛ ከሚያየው ግፍ ራሱን አርቆ መቆም አይገባውም የሚል ተቀራራቢ አቋም ይዟል። ይህን የሚቃወሙት በበኩላቸው ጋዜጠኛ ወገን ከለየ ለሌላው ወገን በደል ዓይኑ ይጨፈናል ይላሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። ቢሆንም በሐምሌ 1995 ከስምንት ሺህ በላይ ወንዶችና ወጣቶች የተገደሉባት ስሬብሬኒትሳም ከነዚያ “ከተጠበቁ አካባቢዎች” አንዷ እንደነበረች ለሚያስታውስ ሰው፣ “ሁሉም ወገኖች ራሳቸውን እንዲገቱ” የሚለው የዘወትር መግለጫ ያለ ማብራሪያ ሲደገም መስማት ከባድ ነው። ማስረጃ የያዘ ጋዜጠኛ ያየውን በስሙ ቢጠራ ሚዛን አጣ ሊባል አይገባም።

የአማንፑር ጉዞ ያለ ጥያቄ የታለፈ አይደለም። በ1998 ያገባችው ጄምስ ሩቢን በወቅቱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የማዴሊን ኦልብራይት ቃል አቀባይ ስለነበር፣ በ1999 የኔቶ ጦር በኮሶቮ ጉዳይ ዩጎዝላቪያን ሲደበድብ የባልና የሚስቱ ሥራ ሊጋጭ ይችላል የሚል ትችት ተሰነዘረ። ጋዜጠኛዋ በሥራዋ ላይ ተጽዕኖ የለውም ብትልም፣ ተመልካች የጋዜጠኛን ልብ ማየት ስለማይችል እንዲህ ያለውን ቅርበት መጠየቁ ተገቢ ነው።

ቴሌቪዥን ራሱ የዲፕሎማሲ መንገድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከ1980 ጀምሮ ግንኙነታቸውን ያቋረጡት አሜሪካና ኢራን ኤምባሲ በሌላቸው ጊዜ፣ የኢራኑ ፕሬዚዳንት መሐመድ ኻታሚ በጥር 1998 ለአሜሪካ ሕዝብ መልእክታቸውን ያስተላለፉት ለአማንፑር በሰጡት ቃለ መጠይቅ ነበር። መሪዎች በዚህ መድረክ ጋዜጠኛዋን ሊጠቀሙባት እንደሚፈልጉ የታወቀ ነው፤ ጋዳፊ በየካቲት 2011 መጨረሻ፣ ሕዝባዊ አመጹ አገሪቱን እየነጠቃቸው ሳለ፣ ለአማንፑር፣ ለቢቢሲው ጄረሚ ቦወንና ለሰንደይ ታይምሷ ሜሪ ኮልቪን ሕዝባቸው በሙሉ እንደሚወዳቸው ነግረዋቸዋል። (ኮልቪን ከዓመት በኋላ በሶርያ ሆምስ ከተማ ተገደለች።) በመስከረም 2022 ደግሞ የኢራን ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ራይሲ ኒው ዮርክ ውስጥ ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሰጥተው፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ረዳታቸው አማንፑር ፀጉሯን እንድትሸፍን ጠየቀ። ጊዜው ማሕሳ አሚኒ የተባለች ወጣት በሥነ ምግባር ፖሊሶች ተይዛ ከሞተች በኋላ ኢራን በተቃውሞ የምትናጥበት ነበር። አማንፑር ኒው ዮርክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ ገልጻ እንቢ አለች፤ ፕሬዚዳንቱም ሳይመጡ ቀሩ። ከመሪ ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ በማንኛውም ዋጋ የሚገዛ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሁሉ ሩቅ አይደለም። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም መጠለያ ያቀረቡት የረሀብ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በተላለፈ ጊዜ፣ ወር እንኳ ሳይሞላ የምዕራብ መንግሥታት ለደርግ መንግሥት የነበራቸው ጥላቻ ዕርዳታቸውን ሊያዘገየው እንደማይችል እንዲቀበሉ በሕዝባቸው ተገደዱ። ያንን ያስደረገው ረጅም ትንታኔ ሳይሆን በንጋት ጭጋግ ውስጥ በጋቢና በኩታ ተጠቅልለው የተኮለኮሉ ሰዎች ምስልና በረጋ ድምፅ የተነበበ ጽሑፍ ነው። አሚን በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በተነሳ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ክንዱን ካጣ በኋላ በሰው ሠራሽ እጅ መሥራቱን ቀጥሎ፣ በኅዳር 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱ አልፏል።

አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተበት ከ1963 ወዲህ የአህጉሩ የዲፕሎማሲ መናኸሪያ ናት፤ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫና ከመቶ በላይ ኤምባሲዎችና ሚሲዮኖች የሚገኙባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ሌሎች አገሮች ዘጋቢ ልከው በብዙ ወጪ የሚሸፍኑት ወሬ እዚህ በታክሲ የሚደረስበት ነው። ይሁን እንጂ የአማርኛ አድማጭ ስለ ዓለም ጉዳይ ጠለቅ ያለ ማብራሪያ ፍለጋ በ1965 የተከፈተውን የጀርመን ድምፅና በ1982 የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ሲያደምጥ ኖሯል፤ በአገር ውስጥ ጣቢያዎች ደግሞ የዲፕሎማሲ ዜና በአመዛኙ ማን ከማን ጋር እንደተወያየና ግንኙነቱን ለማጠናከር እንደተስማሙ የሚገልጽ መግለጫ ሆኖ ይቀራል። መግለጫ ማንበብ ዘገባ አይደለም። የሱዳንን፣ የሶማሊያን፣ የኤርትራንና የዓባይን ጉዳይ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ተምሮ፣ ውሉን አንብቦ፣ ድንበሩ ድረስ ሄዶ የሚያስረዳ ዘጋቢ ማፍራት የጣቢያዎቹና የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶቹ ኃላፊነት ነውና፣ ከአንድ የአዳራሽ ስብሰባ ወደ ሌላው የሚያመላልሱትን ወጣት ጋዜጠኛ አንድን አካባቢ ለዓመታት እንዲያጠና ጊዜና በጀት ይስጡት።