ፊደል ከመቁጠር መረጃን ወደ መመርመር

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደቱ በ15 የብሔረሰብ ቋንቋዎች እያስተማረ ሰፊውን ሕዝብ ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። የያኔው ዐቢይ ጥያቄ ማን ያነባል የሚል ነበር፤ የዛሬው ደግሞ የሚነበበውን ማን ይመረምራል የሚል ነው። ድንቁርና መልኩን ለውጦ ይመለሳልና።

ይህ ጥያቄ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍትን ተግባር በቀጥታ ይመለከታል። ተማሪው የመምህሩን ማስታወሻ ሸምድዶ በፈተና ወረቀት ላይ መልሶ የሚያሰፍር ብቻ ከሆነ፣ መደርደሪያው በመጻሕፍት ቢሞላም ቤተ መጻሕፍቱ ከመቀመጫ አዳራሽነት አያልፍም። አሜሪካዊው ፖል ዙርኮውስኪ በ1974 እ.ኤ.አ. የመረጃ አጠቃቀም ዕውቀትን ጉዳይ ሲያነሣ፣ መረጃን ለሥራው ችግር መፍቻ የሚያውል ሰው እንዲሠለጥን አሳስቦ ነበር። ሐሳቡ ከመረጃ ኢንዱስትሪው መንደር ቢመነጭም፣ ዕውቀቱ የሠራተኛውና የገበሬው መሣሪያ መሆን ይገባዋል።

የምዕራብ ጎጃምን ተጨባጭ ሁኔታ እንመልከት። በቡሬና በአካባቢው የአፈር አሲዳማነት የምርት እንቅፋት ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ፎስፎረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ስለሚተሳሰር ሰብሉ በሚገባ አያገኘውም። ስለሆነም አፈሩ ተመርምሮ የግብርና ኖራ ካልተጨመረበት፣ ማዳበሪያ መደራረብ ገበሬውን ለከንቱ ወጪ ይዳርገዋል። ጉዳዩን የሚያጠና ተማሪ በስልኩ ቢፈልግ የማዳበሪያ ሻጭ ማስታወቂያ፣ አሲዳማ ባልሆነ የሌላ አገር አፈር ላይ የተደረገ ጥናትና የአካባቢው ምርምር ውጤት ጎን ለጎን ተሰልፈው ይቀርቡለታል። አብረው መሰለፋቸው ግን እኩል እውነት አያደርጋቸውም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ተማሪውን ሊያስታጥቀው የሚገባው ይህን የመለየት ችሎታ ነው። ይኸውም ጥያቄን አጥርቶ መቅረጽ፤ በካታሎግና በርእሰ ጉዳይ መፈለግ፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ በየትኛው አፈር ተሞከረ፣ ማንስ ይጠቀምበታል ብሎ መጠየቅ፤ ምንጭን ከምንጭ ማመሳከር፤ የሌላውን የድካም ፍሬ ስሙን ጠቅሶ መጠቀም ነው። ይህ ትምህርት ተማሪዎች በገቡ ሰሞን በሚደረግ የአንድ ሰዓት ጉብኝት አያልቅም። መምህሩና ባለሙያው ተባብረው ከየትምህርቱ የጥናት ሥራ ጋር ሊያያይዙት ይገባል።

በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚሠለጥን ወጣት ነገ በገጠር ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ሳይመረምር የተቀበለውን ስሕተት በየዓመቱ ለአዳዲስ ሕፃናት ያወርሳል፤ ማመሳከርን ከለመደ ግን ልማዱን ለመንደሩ ሁሉ ያካፍላል።

የነዋሪዎች ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ሆይ! ልጆቻችሁን ስንት አገኛችሁ ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው፤ ያወቃችሁትን ከየት አገኛችሁት፣ በምንስ አረጋገጣችሁት ብላችሁ ጠይቋቸው። ቤተ መጻሕፍት በበጀት ድልድል ጊዜ የመጨረሻውን ረድፍ እንዳይዝም ድምፃችሁን አሰሙ። መርምሮ የሚያነብ ትውልድ በአሉባልታም ሆነ በማስታወቂያ አይነዳም።