ኮምፒዩተር ሲከፈት «ልጫን ወይ?» የሚለው ማን ነው?

በአንዳንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ዛሬ ኮምፒዩተር አለ። የአባላት ስም፣ የማዳበሪያ ዕዳና የእህል ሽያጭ ሒሳብ በእርሱ ይመዘገባል። ስለዚህ የኮምፒዩተሩ ደኅንነት የጸሐፊው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ገና እንደተከፈተ «ይህን ፕሮግራም ልጫን ወይ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል። ብንዘጋውም በማግስቱ ይመለሳል። ይኼ ነገር ከየት ይመጣል?

ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያስነሣል። ጠያቂው ፕሮግራም ስሙን እዚያ ካስገባ በየቀኑ ይመጣል።

እንዴት ገባ? ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት በነጻ ከተወሰደ ሌላ ፕሮግራም ጋር ተደባልቆ ነው። እንክርዳድ ከስንዴ ዘር ጋር ተደባልቆ ማሳ እንደሚገባ ማለት ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ከማብዛትና ኮምፒዩተሩን ከማዘግየት አያልፍም። ክፉው ግን ምስጢር ይሰርቃል፤ ወይም መዝገቡን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሳናነብ አንፍቀድ። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ የፕሮግራሙንና የሠሪውን ስም ያሳያል። «የስ» ማለት እሺ ነው፤ «ኖ» ማለት እምቢ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነና ካልገባን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ሠሪው ካልታወቀ «ኖ» እንበል።

ሁለተኛ፣ ከዝርዝሩ እናስወጣው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስንነካ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርታፕ» በሚለው ክፍል ዝርዝሩ ይገኛል። የማንፈልገውን መርጠን «ዲሴብል» እንላለን። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋም፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር እንዳይነሣ ብቻ ያግደዋል። ተሳስተን ብናግድ መልሰን መፍቀድ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ከሥሩ እንንቀለው። ሥሩ ያልተነቀለ አረም ተመልሶ ይበቅላልና። «ሴቲንግስ» ከሚለው ገብተን «አፕስ» በሚለው ሥር ፕሮግራሙን እንፈልግ፤ ከዚያ «አንኢንስቶል» እንበል። ቀጥሎም ኮምፒዩተሩን በጸረ ቫይረስ እናስፈትሽ።

ግን ጥያቄ ሁሉ ጠላት አይደለም። የዊንዶውስ የራሱ እድሳት ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። እርሱን መከልከል ይጎዳል። ጸረ ቫይረሱም ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም። ስለዚህ የማናውቀውን ስም ከመንቀላችን በፊት ባለሙያ እናማክር። አረም ነው ብሎ ሰብል የሚነቅል ገበሬ የለም።

በመጨረሻም የማኅበሩን መዝገብ በየጊዜው ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠን፣ ከኮምፒዩተሩ ነቅለን፣ ቆልፈን እናስቀምጥ። ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ እንኳ የአባላቱ ሒሳብ አይጠፋም።

ፊደል የቆጠርነው የቀረበልንን ጽሑፍ አንብበን እሺ ወይም እምቢ ለማለት ነው። በወረቀት ላይ ሳናነብ እንደማንፈርም ሁሉ፣ በኮምፒዩተርም ላይ ሳናነብ አንፍቀድ።